የመካኒሳ ዳገትና የኮሮላዬ ፍሪሲዮን

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከመካኒሳ ወደ ሳር ቤት በሚያወጣው ዳገት ዳር የቆመ ሰው የታክሲ ረዳቶችን ጥሪና የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። እኔ ባለፈው ሰኔ አጋማሽ፣ በዚያው ሰዓትና በዚያው ዳገት ላይ፣ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። የራሴ መኪና ሞተር ነበር። ይጮኻል፤ መኪናዋ ግን አትሄድም።

ዝናብ እያካፋ ነበር። ከኋላ ወንበር ሁለት የልጅ ልጆቼ ተቀምጠዋል። ከእነሱ ኋላ ደግሞ ሰው ጢም ያለ አውቶቡስ አፍንጫውን አስጠግቶ ቆሟል። ነዳጅ ስጨምር ጩኸቱ ይጨምራል፤ ጎማው አይንቀሳቀስም። ቀስ ብላ ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር የእጅ ፍሬኑን ባለኝ ጉልበት ሁሉ ሳብኩት። ከመንገዱ ዳር አንድ ወጣት ሮጦ መጣና ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ታኮ አደረገልኝ። እግዜር ይስጠው።

የሰባት ዓመቱ ልጅ፣ «እማማ፣ መኪናዋ ታመመች እንዴ?» አለኝ።

«አዎ፣ ታማለች» አልኩት። ያልነገርኩት ግን ከታመመች አራት ወር እንዳለፋትና እኔም ይህን እያወቅሁ ዝም ማለቴን ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ። ልጃቸው ተቅማጥ በያዘው በአምስተኛው ቀን ይዘው የሚመጡ እናቶችን «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» ብዬ የተቆጣሁበት ቀን ብዙ ነው። ያን ቀን ዳገቱ ላይ ቆሜ ጥያቄው ወደ ራሴ ዞረ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ነው። አሮጌ መኪና እየነዳችሁ ልጆችና የልጅ ልጆች የምታመላልሱ ብዙዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ።

መካኒሳ የገባነው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። በማኅበር ተደራጅተን ቤት ስንሠራ አካባቢው ገና ገጠር ገጠር ይሸት ነበር። ማታ ጅብ ይጮኻል። በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር ጎመን፣ ሰላጣና ቀይ ሥር ይተከላል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ኮሮላ ዲኤክሷን የገዛው በእነዚያ ዓመታት ነው። ያኔ ከቤታችን ተነሥቶ ሳር ቤት ለመድረስ መንገዱ አባጣ ጎርባጣ ይሁን እንጂ የሚያስቆም አልነበረም። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ይይዘውና ሳያቆም ይወጣዋል።

ዛሬ መንገዱ ሰፍቷል፤ አስፋልቱም ጥሩ ነው። ነገር ግን የጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ሕዝብ፣ የለቡ ሕዝብ፣ የቆሬ ሕዝብ፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት ወደ መሐል ከተማ ይወጣል። ዳገቱ ያው ዳገት ነው። አወጣጡ ግን ተለውጧል፤ ሁለት ሜትር ሄዶ መቆም፣ አንድ ሜትር ሄዶ መቆም ሆኗል። ይህ ለውጥ በመኪናዬ ላይ ምን እንዳደረገ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ፍሪሲዮን ጥቂት ልበል። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለቅቆ ሲወጣ የመኪና ቃላቱን ትቶልን ሄዷል። ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ሞላ የምንላቸው ሁሉ ከእሱ ቋንቋ የመጡ ናቸው። ፍሪሲዮንም በጣሊያንኛ መፋተግ ማለት ነው፤ ስሙ ሥራውን ይናገራል። በሞተሩ ጫፍ ቮላኖ የሚባል ከባድ ክብ ብረት ይዞራል። ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው ዲስክ በሁለት ወገኑ ሸራ ለብሷል። በሞላ የሚጫን ሌላ ክብ ብረት ዲስኩን ቮላኖው ላይ አጣብቆ ይይዘዋል። ያኔ ሞተሩና ጎማው አብረው ይዞራሉ። ፔዳሉን ስንረግጥ ይላቀቃሉ፤ ማርሽም እንቀይራለን። ስንለቀው ደግሞ ዲስኩ ጥቂት ተፋትጎ ይይዛል። በያንዳንዱ መያዝ ከሸራው ትንሽ ትንሽ እየተፋቀ ይሄዳል። ሸራው ሲሳሳ ዲስኩ መያዝ ያቅተዋል፤ ሞተሩ ይዞራል፣ ጎማው ግን አይከተለውም።

የኮሮላዬ የሕመም ታሪክ እንዲህ ነበር።

በየካቲት ፔዳሉ የሚይዝበት ቦታ ወደ ላይ ወጣ። ቀድሞ እግሬን ገና ማንሣት ስጀምር ይይዝ የነበረው፣ ልለቀው ስቃረብ ብቻ መያዝ ጀመረ። «አዲስ ጫማ ስላደረግሁ ነው» አልኩ።

በመጋቢት ከጀርመን አደባባይ ወደ ቤት ስመለስ፣ በአራተኛ ማርሽ እየሄድኩ ነዳጅ ጨመር ሳደርግ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ፍጥነቱ ግን ያው ነው። «ቤንዚኑ ጥሩ አይደለም» አልኩ።

ከፋሲካ በኋላ ሽታ መጣ። ሸራ ወይም ወረቀት ሲቃጠል የሚሸተው ዓይነት ሽታ ነው። ከቆሼ በኩል ነፋስ ያመጣው ጭስ መስሎኝ መስኮቱን ዘጋሁ። ሽታው ውስጥ ቀረ። ሳር ቤት ስደርስም አብሮኝ ደረሰ። ያኔም «ሰው ቆሻሻ እያቃጠለ ነው» አልኩ።

ሦስት ምልክት፣ ሦስት ምክንያት። ለሕመሙ ስም ላለመስጠት ስል ሌላ ስም ሁሉ ሰጠሁት። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ወጪውን ብቻ አልነበረም። ልጄ «እማዬ፣ ይህቺን መኪና ሽጫት፤ አንቺም መንዳቱ ይብቃሽ» ማለት ከጀመረች ቆይታለች። መኪናዋ ታመመች ካልኩ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ስለ እኔ እንደሚሆን አውቅ ነበር።

ዳገቱ ላይ ከቆምንበት ዕለት በኋላ በመጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ባለሙያ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ክሩስኮቱን አየ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው 287,000 ላይ ነው። «ማዘር፣ ይሄ እኮ አልቋል። ሞተሩም ካምቢዮውም መውረድ አለበት፤ ሁሉንም እንቀይረው» አለኝ። ቆጣሪው ከቆመ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ያልሠራበትን ስድስት ዓመት ማን ይቆጥረዋል? ቢሠራስ ኖሮ? የበሽተኛውን ዕድሜ ብቻ ጠይቆ መድኃኒት የሚጽፍ ሐኪም አይቼ አላውቅም። አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለተኛው ጋራዥ እዚያው ሰፈራችን ውስጥ ያለ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ትንሽ ግቢ ነው። መካኒኩ ልጆቹን የከተብኩለት ሰው ነው። «ሲስተር፣ መጀመሪያ ይንገሩኝ። መቼ ጀመረ? ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳም ላይ? ሲሞቅ ይብሳል?» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ታሪክ የሚጠይቅ ባለሙያ አገኘሁ።

ከዚያ ምርመራውን በቅደም ተከተል አደረገ። ቀላልና ነጻ ከሆነው ስለ ጀመረ ለእናንተም ልዘርዝረው።

መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍቶ የፍሪሲዮኑን ዘይት አየ። ዘይቱ ከጎደለ ወይም የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ ፔዳሉ ይለሰልሳል፤ ማርሽ ማስገባትም ያስቸግራል። ያ የዲስክ በሽታ አይደለም፤ በጥቂት ወጪ ይድናል። በገመድ የሚሠራ ፍሪሲዮን ከሆነ ደግሞ ገመዱ ይታያል።

ሁለተኛ ፔዳሉን በእጁ ጫን አደረገው። ፔዳሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ባዶ እንቅስቃሴ ሊኖረው ይገባል። እሱ ከጠፋ እግር ባይኖርበትም ፔዳሉ እንደ ተረገጠ ይቆጠራል፤ ዲስኩም ዘወትር ይንሸራተታል። ይህም ማስተካከል እንጂ መቀየር አያስፈልገውም።

ሦስተኛ ሞተሩን አስነሥቶ ፔዳሉን እየረገጠና እየለቀቀ አዳመጠ። ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ የፉጨት ወይም የመፋጨት ድምፅ ካለ የሚጠረጠረው የመልቀቂያው ኩሽኔታ ነው። ቀጥሎ ፔዳሉን ረግጦ ጥቂት ቆየና የኋላ ማርሽ አስገባ። ቢንኳኳ ኖሮ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይላቀቅም ማለት ነበር። አልተንኳኳም። መኪና ሲነሣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነም ሁልጊዜ ጥፋቱ የፍሪሲዮን አይደለም፤ ሞተሩን የሚይዙት ጎማዎች ተበጥሰው ሊሆን ይችላል አለኝ።

አራተኛውና ዋናው ፈተና ይህ ነበር። ሜዳ ላይ፣ ከፊት ለፊት ማንም በሌለበት፣ ጎማዎቹ ላይ ታኮ አደረገ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ የእግር ፍሬኑንም ረገጠ። ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ለቀቀ። ጤነኛ ፍሪሲዮን ቢሆን ሞተሩ እዚያው ተንገጫግጮ መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም፤ ምንም እንዳልተፈጠረ መዞሩን ቀጠለ። መካኒኩ ወዲያው አጠፋው። «ይህን ደጋግመው እንዳይሞክሩት፤ ሙከራው ራሱ ያቃጥለዋል። ግን አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ዲስኩ አልቋል» አለኝ።

ካምቢዮው ሲወርድ ዲስኩን አሳየኝ። ሸራው ሳስቶ የያዙት ሪቬቶች ላይ ደርሷል። ቮላኖው ላይ ሙቀት ያጠቆረው ሰማያዊ ምልክት አለ። ሞተሩ ግን ደኅና ነው፤ ካምቢዮውም ደኅና ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ የፈረደባቸው ሁለቱም ጤነኞች ነበሩ።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ሲስተር፣ ሲነዱ ግራ እግርዎ የት ነው የሚቀመጠው?»

ዝም አልኩ። ግራ ጉልበቴን ካመመኝ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በሰልፍ ውስጥ እግር ማንሣትና መመለስ ስለሚከብደኝ ፔዳሉ ላይ አሳርፈዋለሁ። ዳገት ላይም ፍሬን ይዤ እንደ መቆም በፍሪሲዮንና በነዳጅ ባላንስ አድርጌ እይዛታለሁ። ይህን ከባለቤቴ ስማር እንደ ጎበዝ ሹፌር ሙያ ነበር የማየው። መካኒኩ አንገቱን ነቀነቀ። «እግር ሲያርፍበት ግማሹ ይላቀቃል። ባላንስ ሲይዙ ደግሞ መኪናዋን ዳገት ላይ ያቆማት ፍሬኑ ሳይሆን እየተፋተገ ያለው ሸራ ነው። አዲስ ብገጥምልዎም እንዲህ ከነዱት ዕድሜ የለውም» አለኝ።

በሽታው መኪናዋ ላይ ታየ እንጂ ምንጩ እኔ ዘንድ ነበር።

በማግስቱ ልጄ በራሷ መኪና ልጆቹን ስታደርስ አብሬ ሄድኩና የልብ ምት እንደምቆጥር ፍሪሲዮን የረገጠችበትን ቆጠርኩ። ከቤታችን እስከ ሳር ቤት አደባባይ ሰባ አንድ ጊዜ ረገጠች። ጥቂት ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ መንገድ ነው! ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ላይ ግን ምናልባት አሥር ጊዜ ብትረግጥ ነው። እንግዲህ የመካኒሳ ኪሎ ሜትርና የአዳማ ኪሎ ሜትር አንድ ዓይነት ቁጥር ይሁኑ እንጂ አንድ ዓይነት ድካም አይደሉም። በሰፊ መንገድ የሚሄድ፣ በጥሩ እግር የተያዘ ፍሪሲዮን ከ200,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሊያገለግል ይችላል። በሰልፍና በዳገት የሚኖር ደግሞ የዚያን ሩብ ሳይደርስ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ያገለገለ መኪና ስትገዙም ቆጣሪውን ብቻ አትመኑ። ቆጣሪ ይቆማል፤ በሰው እጅም ወደ ኋላ ይመለሳል። ዳገት ላይ ነድታችሁ፣ አዳምጣችሁ፣ አሽትታችሁ ግዙ።

ስለ ጥገናው ሦስት ነገር ላስታውስ።

የመጀመሪያው፣ የሚቀየረው ዲስኩ ብቻ ባይሆን ይመረጣል። ዲስኩ፣ የሚጫነው ክብ ብረትና ኩሽኔታው አንድ ላይ ይቀየሩ። ትልቁ ልፋት ካምቢዮውን ማውረድ ነው። በርካሹ ኩሽኔታ ቆጥባችሁ ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ የእጅ ዋጋ እንደገና መክፈል ቁጠባ አይባልም። በዚያው ቮላኖው ይታይ፤ ከሞተሩ ኋላ ዘይት የሚያልፍ ከሆነም ማገጃው ይቀየር። ዘይት የነካው ሸራ አዲስም ቢሆን ይንሸራተታል።

ሁለተኛው፣ ዕቃውን ለመግዛት ከመካኒኩ ጋር ሶማሌ ተራ ሄድኩ። አሮጌውን ዲስክ በፌስታል ይዘን ነበር፤ መጠኑንና የጥርሱን ቁጥር ከአዲሱ ጋር አስተያይተን ገዛን። ሦስቱ ዕቃዎችና የእጅ ዋጋው ተደምረው ከሦስት ወር ጡረታዬ በለጡ። ልጆቼ አገዙኝ። በየካቲት ሄጄ ቢሆን ምናልባት ቮላኖውን ከማስጠረብ እድን ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የነርስነቴ ነው፤ እባካችሁ ቁም ነገር አድርጋችሁ ያዙት። ድሮ የተሠሩ ብዙ የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራዎች አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ነበረባቸው። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ከብዙ ዓመት በኋላም የሳንባ በሽታና ካንሰር ያመጣል። መካኒኩ ካምቢዮውን ካወረደ በኋላ ብናኙን በአየር ግፊት ሊነፋ ሲል ለመንኩት። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ጨርቁን በፌስታል አሥሮ ጣለው። ረዳቱ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። ያ ልጅ የሚተነፍሰው አየር ከእኔ ፍሪሲዮን ይበልጣል። እናንተም ልጆቻችሁን አስከትላችሁ ጋራዥ ከሄዳችሁ ከብናኙ አርቋቸው።

ወንድ ልጄ፣ «እማዬ፣ ለምን ኤሌክትሪክ አንገዛልሽም? ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የለውም» ብሎኛል። እውነቱን ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ መካኒሳ ላይ ድምፅ የሌላቸው መኪኖች በየቀኑ ይበዛሉ። የልጅ ልጆቼ ምናልባት ፍሪሲዮን ሳይረግጡ መንጃ ፈቃድ ያወጡ ይሆናል። ነገር ግን አዲስ የመግዛት አቅም የሌለን ብዙዎች ያሉንን አሮጌዎች እየጠገንን ገና ረጅም ጊዜ እንነዳለን። ስለዚህ የመጠገን እውቀት ከቀድሞው ይበልጥ ያስፈልገናል።

የፈራሁት ጥያቄም መምጣቱ አልቀረም። ልጄ ቡና እያፈላች ጠየቀችኝ። «እማዬ፣ መኪናዋስ ዳነች። አንቺስ?»

አልተቆጣሁም። ለመኪናዋ የጠየቅሁትን ፍትሕ ለራሴም ጠየቅሁ። «ስልሳ ሰባት ዓመት ቁጥር ነው፤ በቁጥር አትፍረጂብኝ። ምልክቱን ግን አብረን እንይ» አልኳት። ዓይኔን ተመረመርኩ፤ መነጽሬ ተቀየረ። ለጉልበቴም ሐኪም ዘንድ ሄጄ እንቅስቃሴ ታዘዘልኝ። ከዚያ ተስማማን። በዝናብ ቀንና በጠዋቱ ሰልፍ ልጆቹን የምታደርሰው እሷ ናት። ከሰዓት በኋላ መንገዱ ሲለቅ የማመጣቸው እኔ ነኝ። ጉልበቴ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው መርገጥ ያቃተው ቀን ደግሞ ቁልፉን ራሴ አስረክባለሁ። ያን ምልክት በአዲስ ጫማ ላላሳብብ ቃል ገብቼላታለሁ።

መካኒኩ ያዘዘልኝንም እየፈጸምኩ ነው። ሰልፍ ውስጥ ማርሹን ባዶ አድርጌ እግሬን ወለል ላይ አሳርፋለሁ። ዳገት ላይ በእጅ ፍሬን እይዛለሁ፤ ፍሪሲዮኑ መያዙን ስሰማ ብቻ እለቃለሁ። የሠላሳ ዓመት ልማድ ግን ቶሎ አይለቅም። ባለፈው ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስንመለስ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ ከኋላ ወንበር ድምፅ መጣ።

«እማማ፣ እግርሽ!»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፔዳሉ ላይ ነበር። አነሣሁት።